ተቀባይ የሌለው ሶሎ

ተነጋጋሪዎቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው በደርግ ዘመን ከአውራጃ ኪነት ተነስተው በወታደር ባንድ ሳክስፎን ሲነፉ የኖሩ፣ አሁን ወላይታ ሶዶ ውስጥ ጡረታቸውን ይዘው ልጆች የሚያስተምሩ አዛውንት ናቸው። ሁለተኛዋ እዚያው ከተማ በአንዲት የወንጌላውያን አጥቢያ ኪቦርድ የምትጫወት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። ማጀብ አይቸግራትም። የቸገራት ከማጀብ ወጥቶ ከራስ ማፍለቁ ነው።

ባለ ኪቦርዷ፦ ጋሼ፣ ስኬሉን ሁሉ አውቀዋለሁ። በአሥራ ሁለቱም ኪይ፣ ሜጀሩንም ማይነሩንም ዓይኔን ጨፍኜ እወጣዋለሁ፣ እወርደዋለሁ። ግን “በይ ሶሎ” ሲሉኝ እጄ ይደርቃል። ወይ ስኬሉን ራሱን ሽቅብ ቁልቁል እሮጥበታለሁ፣ ወይ የዘማሪውን ዜማ እደግመዋለሁ። ይሄ ነገር ሲፈጥር የሚሰጥ ነው እንዴ?

ባለ ሳክስፎኑ፦ ሲፈጥር የሚሰጠውን ለሰጪው እንተወው። እስቲ ኪቦርዱን አጥፊውና ያንኑ ሶሎ በአፍሽ አንጎራጉሪልኝ።

ባለ ኪቦርዷ፦ በአፌ? እኔ እኮ ዘማሪ አይደለሁም፣ አጃቢ ነኝ።

ባለ ሳክስፎኑ፦ የድምፅ ውድድር አላዘጋጀሁም። ዝም ብለሽ አንጎራጉሪ።

ባለ ኪቦርዷ፦ (ታንጎራጉራለች።) ይኸው። አሁን ይሄ ምን ይባላል?

ባለ ሳክስፎኑ፦ ደህና ሶሎ ይባላል። አንድ ሐረግ አልሽ፣ ቆም አልሽ፣ ትንፋሽ ወሰድሽ፣ ከዚያ የመጀመሪያውን ሐረግ ጫፉን ለወጥ አድርገሽ መለስሽው። አንዴም ስኬል አልሮጥሽም። ኪቦርዱ ላይ ስትቀመጪ ይሄ ሁሉ የሚጠፋው ኪቦርድ ሳንባ ስለሌለው ነው። እኔ ስነፋ ወደድኩም ጠላሁም መተንፈስ አለብኝ፤ አየሩ ሲያልቅ ሐረጉም ያልቃል። አንቺን ግን የሚያስቆምሽ የለም። ስለዚህ ሳታቋርጪ ትሄጃለሽ፤ የሚሰማሽ ሰው የት ላይ እንደሚቀበልሽ ግራ ይገባዋል።

ባለ ኪቦርዷ፦ የሚቀበለኝ ሰው ደግሞ ማነው? ሶሎ ማለት እኮ ብቻን መጫወት ነው።

ባለ ሳክስፎኑ፦ እዚህ ላይ ነው የምንጣላው። በወላይታ ዘመን መለወጫ፣ በጊፋታ፣ ስትጨፍሪ አይደል ያደግሽው?

ባለ ኪቦርዷ፦ ቤታችን ጠበቅ ያለ ነበር። ቢሆንም የሰፈር ልጆች ሲመጡ ማን ያስቀረናል!

ባለ ሳክስፎኑ፦ እንግዲያው የነገሩን ግማሽ ታውቂዋለሽ። ጊፋታ በመስከረም ሲገባ ጭፈራው እንዴት ነው የሚሄደው? አንድ አውራጅ አለ፣ ሌላው ሁሉ ተቀባይ ነው። ተቀባዮቹ የሚሉት አይለወጥም፤ አጭር ነው፣ ሕፃኑም ያውቀዋል። አውራጁ ግን በየዙሩ ሌላ ነገር ያመጣል። አሁን የገባውን እንግዳ ያነሳል፣ የታረደውን በሬ ያሞግሳል፣ ዘግይቶ የመጣውን ይሸነቁጣል። ዜማውንም እንደዚያው ነው የሚያደርገው፤ አንዴ ከላይ ይነሳል፣ አንዴ አነሳሱን ያዘገያል፣ አንዴ ቃሉን ያሳጥርና በድምፅ ብቻ ይሞላዋል። የማይነካው አንድ ነገር አለ፤ የተቀባዮቹ ቦታ። እዚያ ላይ ከገባ ጭፈራው ይፈርሳል። ያ ሰው ሶሎ እየተጫወተ ነው የኔ ልጅ። የሙዚቃ ትምህርት ቤት ደጅ አልረገጠም፣ ግን የት እንደሚገባና የት እንደሚወጣ ከብዙ ኪቦርዲስት በላይ ያውቃል።

ባለ ኪቦርዷ፦ ወንድሜ የወላይታ ድቻ፣ የጦና ንቦቹ፣ ደጋፊ ነው፤ ሜዳም ወስዶኝ ያውቃል። እዚያም ከበሮ የያዘው ልጅ ያወርዳል፣ ትሪቡኑ ይቀበላል። ወላይታ ድቻ እ.ኤ.አ. በ2018 በኮንፌዴሬሽን ካፕ ዛማሌክን በመለያ ምት ያሰናበተ ሰሞን ወንድሜ እቤት ውስጥ ሲያወርድ፣ እኛ ስንቀበል ከረምን። ግን ጋሼ፣ አውራጁ ቃል አለው። በሬውን ያሞግሳል፣ ግብ ጠባቂውን ይሰድባል። እኔ ያለኝ ኖታ ብቻ ነው። ኖታ ማንን ይሸነቁጣል?

ባለ ሳክስፎኑ፦ ጌታቸው መኩሪያን ሰምተሻል?

ባለ ኪቦርዷ፦ ስማቸውን ነው የማውቀው።

ባለ ሳክስፎኑ፦ ስሙንማ ፈረንጅም ያውቀዋል። የይፋት ልጅ ነው። በማዘጋጃ ቤት ባንድ ጀምሮ፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር አልፎ፣ በፖሊስ ኦርኬስትራ የነፋ ሰው ነው። እሱ ያደረገው ምንድን ነው? ሽለላን ከአፍ አውጥቶ ሳክስፎን ላይ አስቀመጠው። ሽለላ ቃል ነው፣ ፉከራ ነው፤ ሰውየው ገዳይነቱን የሚናገርበት ነው። ጌታቸው ቃሉን ተወውና የቃሉን አካሄድ ያዘ። የሚሸልል ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ ይነሳል፣ ይንቀጠቀጣል፣ በድንገት ይቆርጣል፣ ሰው እልል እስኪል ይጠብቃል። ሳክስፎኑም እንደዚያ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1972 ያስቀረጸውን ሸክላ ስሚ። ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ2006፣ ዘ ኤክስ ከሚባሉ የሆላንድ ሮከሮች ጋር አልበም ሲሠራም የተጫወተው ያንኑ ነው። እነሱ ጊታራቸውን ያስጮኻሉ፣ እሱ ይሸልላል። አማርኛ የማያውቅ ሰው ቃሉን ሳይሰማ ፉከራ መሆኑን ይረዳዋል። ኖታ ማንን ይሸነቁጣል ላልሽው መልሱ እሱ ነው።

ባለ ኪቦርዷ፦ እሺ፣ ሄጄ ልቅዳቸው?

ባለ ሳክስፎኑ፦ ቅጂው እንጂ! እኔ የተማርኩት ካሴት በእርሳስ እየጠቀለልኩ ነው። አንዷን ሐረግ እሰማለሁ፣ አቆማለሁ፣ ወደ ኋላ እመልሳለሁ፣ በአፌ እላታለሁ፣ ከዚያ ነው ሳክስፎን የማነሳው።

ባለ ኪቦርዷ፦ አሁን ይጋጫል። ቅድም ከራስሽ አፍልቂ ሲሉኝ ነበር፤ አሁን ደግሞ የሰው ቅጂ ይሉኛል።

ባለ ሳክስፎኑ፦ አይጋጭም። በባንድ ውስጥ ትራምፔት ይነፋ የነበረ ጎጃሜ ጓደኛ ነበረኝ፤ በልጅነቱ ቅኔ ቤት የቆየ። ቅኔ ላይ ትናንት የተባለ ዛሬ አይደገምም። ተማሪው በየቀኑ አዲስ ቆጥሮ ለመምህሩ ይነግራል። ከዚህ የበለጠ ከራስ ማፍለቅ የት አለ? ግን ያ ተማሪ ቀኑን ሙሉ የሚሰማው የመምህሩንና የቀደሙትን ሊቃውንት ቅኔ ነው። ሌላው ደግሞ አጀማመሩ ነው። ስምንት ቤት ካለው ከመወድስ አይነሳም። መጀመሪያ ሁለት ቤት ብቻ ያለው ጉባኤ ቃና ይሰጠዋል። እሱ ሲቀናው ሦስት ቤት ያላቸው ዘአምላኪየና ሚበዝኁ ይመጣሉ፤ ከዚያ አምስት ቤቱ ዋዜማ፣ ስድስት ቤቱ ሥላሴ፣ እያለ ይወጣል። አንቺ ግን ሶሎ ሲባል በመጀመሪያው ቀን መወድስ ልትዘርፊ ትነሺያለሽ፤ እጅሽ ቢደርቅ ምን ይገርማል?

ባለ ኪቦርዷ፦ የኔ ጉባኤ ቃና ምን ይሁን ታዲያ?

ባለ ሳክስፎኑ፦ ትዝታ ሜጀር በሲ ያዢ፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። ከአምስቱም ሁለቱን ተይ። በዶ፣ ሬ፣ ሚ ብቻ ሁለት ባር የሚሆን ሐረግ አውጪ። ቀጥሎ ሁለት ባር እጅሽን አንሺ። እጅሽን ስታነሺ ግን ዝም አትበዪ፤ ተቀባዮቹ የሚሉትን በአፍሽ በዪ። ተመልሰሽ ግቢ። ሁለተኛው ሐረግ ለተቀባዮቹ መልስ መሆን አለበት፤ ከሰማይ የወረደ አዲስ ነገር አልፈልግም። ይሄ ሳይሰለችሽ ሶልን አትንኪ።

ባለ ኪቦርዷ፦ ሦስት ኖታ ወዲያው ነው የሚሰለቸኝ።

ባለ ሳክስፎኑ፦ ምት ከሌለሽ ይሰለችሻል። የወላይታ ጭፈራ ላይ ሰው የሚወዛወዘው ከወገቡ ነው፤ ፈጣን ነው፣ ደግሞ አንዱ ምት ሌላውን እየገፋ ነው የሚሄደው። ያንን በአንድ ኖታ ብቻ ተጫውተሽ ሰው ማስጨፈር ካልቻልሽ በአሥራ ሁለት ኖታም አታስጨፍሪም። ዳኛሽ ሙዚቀኛ አይሁን። ሙዚቀኛ ይራራልሻል፣ የሚጨፍር ሰው ግን አይራራም፤ ምቱ ከተበላሸበት ሄዶ ይቀመጣል።

ባለ ኪቦርዷ፦ ምቱን ስታይሉ ይሰጠኛል እኮ። ኪቦርዴ ላይ ተጭኗል።

ባለ ሳክስፎኑ፦ አጥፊው! በየሰርጉ የምሰማው እሱን ነው። ማሽኑ ከበሮውንም፣ ቤዙንም፣ ጊታሩንም ይዞ ይሮጣል፤ ሰውየው በቀኝ እጁ ከላይ ዜማ ይለጥፍበታል። ማሽን አይሰማሽም። ብትዘገዪ አይጠብቅሽም፣ ብትሞቂም አይሞቅልሽም። ከማሽን ጋር አሥር ዓመት የተጫወተ ልጅ ከሰው ጋር ሲቀመጥ የሚጠፋበት ለዚህ ነው። የሰርጉን ባለቤት አልፈርድበትም፣ አንድ ሰው መቅጠር ይረክሰዋል። ለመማሪያ ግን መርዝ ነው።

ባለ ኪቦርዷ፦ እዚህ ላይ አልስማማም። ብቻዬን ለምለማመድ ሰው ከየት ላምጣ? ኃይሉ መርጊያስ? እ.ኤ.አ. በ1985 ዋሽንግተን ላይ ብቻቸውን ሆነው በአኮርዲዮን፣ በኪቦርድና በከበሮ ማሽን ካሴት ቀርጸው የለም እንዴ? ያ ካሴት በ2013 እንደገና ታትሞ ነው ዓለም የሰማቸው።

ባለ ሳክስፎኑ፦ (ይስቃሉ።) ያዝሽኝ። ግን ኃይሉ ማሽኑ ጋ ከመድረሱ በፊት ስንት ዓመት ከዋልያስ ባንድ ጋር ሌሊት ሌሊት ከሰው ጋር ሲጫወት እንደኖረ አትርሺ። ከሰው የሰማውን ይዞ ነው ማሽን ፊት የተቀመጠው። ከእሱ የምትወስጂው ሌላ ነገር አለ። ዋሽንግተን ታክሲ ሲነዳ ኪቦርዱን ከመኪናው ኋላ ይዞ ይዞር ነበር፤ ተሳፋሪ እስኪመጣ ባለው ጊዜ አውጥቶ ይለማመዳል። እሱን ስታስቢ “ጊዜ የለኝም” ማለት ትተያለሽ።

ባለ ኪቦርዷ፦ ሌላው የሚያጣላኝ ኮርዱ ነው። ቀኝ እጄ በትዝታ እየሄደ ጊታሪስታችን ኤፍ ኮርድ ሲመታ ጣቴ ሳላዘው ወደ ኤፍ ይሄዳል። ያኔ ነገሩ የፈረንጅ መዝሙር ይሆንብኛል።

ባለ ሳክስፎኑ፦ መሄዱ አይቀርም። ኤፍ ኮርድ ውስጥ ኤፍ፣ ኤና ሲ አሉ፤ ኤና ሲ የትዝታሽ ናቸው፣ ኤፍ ግን አይደለችም። ጂ ኮርድም ቢን ይዞብሽ ይመጣል። ኮርዱ የሚጠራሽ ወደማታውቂው ቤት ነው። እኔን ከጠየቅሽኝ እምቢ በዪ። ጊታሪስቱ ይምታ፣ አንቺ በኤና በሲ ላይ ቆመሽ እለፊው።

ባለ ኪቦርዷ፦ ሙላቱ አስታጥቄ እምቢ ቢሉ ኖሮ ኢትዮ ጃዝ አይኖርም ነበር። እሳቸው አምስቱን ኖታ ከላይ አድርገው ከሥር የአሥራ ሁለቱን ሐርመኒ አይደል ያስገቡበት?

ባለ ሳክስፎኑ፦ ሙላቱ ለንደንና ቦስተን ተምሮ፣ የሚያስገባውንም የሚያስቀረውንም አውቆ ነው ያደረገው። አንቺ ጣትሽ ስቶ ነው የገባሽው። አውቀሽ ስትገቢ አልቆጣሽም።

ባለ ኪቦርዷ፦ ስህተትም ደጋግመው ሲጫወቱት ስታይል ይሆናል ሲሉ ሰምቻለሁ።

ባለ ሳክስፎኑ፦ አሥራ ሁለት ኖታ ያለው ሰው ሊለው ይችላል። አምስት ኖታ ባለበት ቤት ስድስተኛው ከገባ የጎረቤት ሕፃን እንኳ ቀና ብሎ ያይሻል። ደግሞ ሙላቱን ካነሳሽ የደቡቡንም ነገር አብረሽ አንሺ። ጊዶሌ ላይ፣ አሁን ጋርዱላ ዞን በሚባለው፣ ደራሼዎች ፊላ የሚሉት የቀርከሃ መሣሪያ አላቸው። ሙላቱ በየቃለ መጠይቁ ያነሳዋል፤ ጃዞች ዲሚኒሽድ የሚሉትን ስኬል እነሱ ከጥንት ይጫወቱታል ይላል። እኔን የሚገርመኝ ግን አጨዋወቱ ነው። እያንዳንዱ ሰው የራሱን ቀርከሃ ይዞ የራሱን ድምፅ ብቻ ይነፋል፤ ዜማው የሚወጣው ሁሉም በየተራው ሲገባ ነው። ከመሐላቸው አንድም ሰው ብቻውን ዜማ የለውም። ተራሽ እስኪደርስ የሌላውን ካልሰማሽ ሙዚቃው ይበጠሳል። አንድ ሳምንት ከእነሱ ጋር ብትቀመጪ ከእኔ ጋር ካጠፋሽው ጊዜ የበለጠ ትማሪያለሽ።

ባለ ኪቦርዷ፦ አሁን ዋናውን ልንገርዎት። ባለፈው በአምልኮ መሐል ደፍሬ ትንሽ ሶሎ ገባሁ። የኳየር መሪያችን ሲያበቃ ጠራኝና “ራስሽን ለማሳየት ነው ወይ?” አለኝ። ከዚያ ወዲህ እፈራለሁ።

ባለ ሳክስፎኑ፦ እውነት ራስሽን ለማሳየት ነበር?

ባለ ኪቦርዷ፦ ...ትንሽ።

ባለ ሳክስፎኑ፦ ታዲያ ሰውየው ጆሮ አለው ማለት ነው። ግን እሱም ያላየው ነገር አለ። ጸሎት ሲረዝም ከሥር የምትጫወቺው አንቺ አይደለሽ?

ባለ ኪቦርዷ፦ ነኝ። እሱ ግን ሶሎ አይደለም፤ አራት ኮርድ ላይ እየዞርኩ ጊዜ መሙላት ነው።

ባለ ሳክስፎኑ፦ ወረቀት አለሽ? የለሽም። የሚጸልየው ሰው መቼ እንደሚያበቃ ታውቂያለሽ? አታውቂም። ድምፁን ሲያነሳ ታነሺያለሽ፣ ሲያለቅስ ትቀንሻለሽ፣ “አሜን” ሊል ሲል ወደ ቤትሽ ትመለሻለሽ። ይሄ ከራስ ማፍለቅ ካልሆነ ምንድን ነው? በዚህ አገር ወንጌላውያኑ እ.ኤ.አ. በ1928 ሚስዮኖቹ ሶዶ ከገቡ ጀምሮ ስንት ዝማሬ በአፍ ብቻ ሲቀባበሉ ኖረዋል፤ ወረቀት አልነበረም። ጸሎቱ ሥር ስትጫወቺ ሰው ትሰሚያለሽ። ሶሎ ሲሰጥሽ ግን መስማት ታቆሚና ጣትሽን ታያለሽ። ልዩነቱ ይኸው ነው። መሪሽም የተቆጣው ሶሎ ስለገባሽ አይመስለኝም፤ ሕዝቡ የሚቀበልበትን ቦታ ስለወሰድሽበት ነው።

ባለ ኪቦርዷ፦ ልክ ነው... ሕዝቡ “ሃሌ ሉያ” የሚልበት ላይ ነበር የገባሁት።

ባለ ሳክስፎኑ፦ አየሽ! ጭፈራ ላይ ቢሆን ኖሮ ከክቡ ያስወጡሽ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ስለሆነ በምክር አለፍሽ።

ባለ ኪቦርዷ፦ አንድ ነገር ላሳይዎት። ከጌታቸው አንዱን በዩቲዩብ በግማሽ ፍጥነት እየሰማሁ በኖታ ልጽፈው አስቤያለሁ። እርስዎ ወረቀት አይወዱም፣ አውቃለሁ።

ባለ ሳክስፎኑ፦ ወረቀት የማልወደው ዓይን ጆሮን ስለሚቀድመው ነው።

ባለ ኪቦርዷ፦ እኔ ግን ስጽፍ ነው የሚገባኝ። አንድ የዘፈን መግቢያ ጽፌ አይቼዋለሁ፤ ሲሰማ የኖታ ውርጅብኝ የመሰለኝ ወረቀት ላይ አራት ኖታ ሆኖ አገኘሁት። የተቀረው መንሸራተትና መንቀጥቀጥ ነው። እሱን ሳልጽፍ አላየውም ነበር።

ባለ ሳክስፎኑ፦ ይሄንን አስተማርሽኝ። ጻፊ እንግዲህ። መንሸራተቱን ግን ወረቀቱ አይሰጥሽም፤ በኪቦርድሽ ፒች ቤንድ ሞክሪው፣ ያውም በጥቂቱ።

ባለ ኪቦርዷ፦ የወላይታውን አውራጆች ደግሞ ከየት ልቅዳ? ዩቲዩብ ላይ የማገኘው ከስቱዲዮ የወጣውን ክሊፕ ነው። እሱም በዚያው ስታይል የታጀበ ነው፤ አውራጁ ሦስት ዙር ሳያወርድ ያልቃል።

ባለ ሳክስፎኑ፦ ክሊፕ አራት ደቂቃ ነው፤ እውነተኛ አውራጅ በአራት ደቂቃ ገና ጉሮሮውን እየጠረገ ነው። ከዳሞታ ተራራ ሥር ባሉት ቀበሌዎች ለቅሶም ሰርግም ላይ ሲያወርዱ የኖሩ ሽማግሌዎችና እናቶች አሉ። ብዙዎቹ ከእኔ ይበልጣሉ። አንቺ ደግሞ ስልክ አለሽ፤ እኔ በአንቺ ዕድሜ ካሴት መቅጃ ለማግኘት የማልሰጠው ነገር አልነበረም። ለሚቀጥለው ጊፋታ ኪቦርዱን እቤት ተዪው። ሄደሽ ፈቃድ ጠይቂያቸው፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳታቋርጪ ቅረጪ፣ ማን እንዳወረደና የትኛው ቀበሌ እንደሆነ ጻፊበት። ጓደኞችሽም በየሰፈራቸው እንደዚሁ ያድርጉ። ከዚያ አንዱን ቅጂ ይዘሽ ነይና እኔ እቀበላለሁ፣ አንቺ ታወርጃለሽ።